በሁዳዴ የተገዛው ቴፕ

ባለፈው የገበያ ቀን ሰቆጣ ከተማ ውስጥ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገብቼ ቆሜ ሳለሁ፣ ባለሱቋ አንዱን ማጉያ ሶኬት ላይ ሰክታ ማብሪያውን ስትጫነው፣ ገና ንግግርም ዜማም ሳይመጣ ከድምፅ ማውጫው ሳጥን ውስጥ «እሽሽሽ» የሚል ነገር ተሰማኝ፤ ዝናብ ከማዶው ተራራ ጀምሮ እኛ ዘንድ ሳይደርስ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። ልጅቷ አላስተዋለችውም፣ ለእሷ ዝምታ ማለት ነው። እኔ ግን ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ቤት ሙሉ ሰው ትንፋሹን ውጦ ሲጠብቅ፣ እናቴም ከሁሉ ፊት ተቀምጣ እጇን አገጯ ላይ ስታደርግ ይታየኛል።

ወደ ሱቁ የወሰደኝ የባለቤቴ ጆሮ ነው። ከዓምና ጀምሮ መስማቱ እየደከመ ሄዶ፣ ቴሌቪዥን ሲከፈት የሰውን ከንፈር እያየ መገመት ጀመረ፤ ከሁሉ የባሰው ግን ባሕር ዳር የምትማረው ልጃችን በስልክ የምትልክልንን የድምፅ መልእክት መለየት አቃተው። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «ምን አለች?» ይለኛል፣ እኔም እደግምለታለሁ፣ ግን የልጅን ድምፅ ሌላ ሰው ቢደግመው ያው አይሆንም። ስለዚህ የቴሌቪዥኑንም የስልኩንም ድምፅ ተቀብሎ የሚያጎላውን፣ ሰዉ ሆም ቴአትር የሚለውን ዕቃ፣ አቅማችን ከሚችለው ልመርጥ ሄድኩ። አምስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆምኩ ሰው ነኝና ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አላነበውም፤ ዕቃ ሳይሞከር አለመግዛትን ግን ልጅ ሆኜ ተምሬአለሁ።

ያኔ የወላጆቼ ቤት ከሰቆጣ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ተዳፋት ላይ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ደሳለኝ፣ ዝናቡ በዓይናችን እያየን የቀረበት ዓመት መስከረም ላይ፣ ከሰፈሩ ጎልማሶች ጋር ሰሊጥ ለማጨድ ወደ ሁመራ ወረደ። እናቴ እስከ ወንዙ ሸኝታው ስትመለስ አላለቀሰችም፣ በትሩን ብቻ ከበሩ ጀርባ ከተወበት ሳታነሳ ዙሪያውን ጠረገች፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ ከቆላ የሚመጣ መንገደኛ ባየች ቁጥር የያዘችውን ሥራ ትታ ወደ አጥሩ ትወጣ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ፣ ገብሱ ተወቅቶ ካለቀ በኋላ፣ አንድ የሰፈራችን ሰው ከሁመራ ተመልሶ መጣና ከኪሱ ካሴት አውጥቶ ለእናቴ ሰጣት። በዚያ ዘመን ማንበብ የማይችል ወላጅ ያለው ሰው ደብዳቤውን በካሴት ቀድቶ ይልክ ነበር። እናቴ ካሴቱን በሁለት እጇ ተቀብላ ሳመችው፣ አገላብጣ አየችው፣ በካሴቱ መስኮት በኩል የሚታየውን ቡናማ ክርም አየች።

«እዚህ ውስጥ ነው ያለው?» አለች።

«አዎ፣ ቆሜ እያየሁት ነው ያወራው» አለ ሰውዬው። «አንቺን ሲያነሳ ግን ራቅ በልልኝ አለኝ፣ ራቅሁለት።»

ይህን ከሰማች በኋላ እንቅልፍ አልነበራትም። በሰፈሩ ቴፕ የነበራት ጠላ የምትሸጥ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፣ እሷም በደግነት ነይና ስሚ ብላ ልካባት ነበር። እናቴ ግን አሻፈረኝ አለች። «ራቅ በልልኝ ብሎ ያወራውን እኔ ሰካራም መሀል ቁጭ ብዬ ልስማው?» አለች፤ ካሴቱን በጨርቅ ጠቅልላ መቀነቷ ውስጥ አሰረችው፣ ውኃ ስትቀዳም፣ ቤተ ክርስቲያን ስትስምም፣ ጎኗን በእጇ ደገፍ እያደረገች ትሄድ ነበር፤ የማያውቃት ሰው ነፍሰ ጡር ናት ይል ነበር። አባቴ ሁለት ወር ሙሉ ይህን አየና አንድ ቀን ሁለቱን ሙክቶች ለይቶ አሰራቸው። ለቴፕ መግዣ እንደሚሸጡ እኛም ገባን።

ፍየሎቹ ተሸጠው እኔና አባቴ ሰቆጣ ገበያ ስንወርድ ሁዳዴ ገብቶ ነበር። እኔ የሄድኩት ማንበብ ስለምችል ነው፣ አባቴ «ምን እንደተጻፈበት ታይልኛለሽ» ብሎ ወሰደኝ፤ ይሁንና ጽሑፉ ሁሉ የፈረንጅ ሆኖ ሁለታችንም እኩል ሆንን። ካሴቱን ይዘን እንሂድ ብዬ ነበር፣ እናቴ ግን መቀነቷን በሁለት እጇ ይዛ «መንገድ ላይ ቢወድቅስ? ገበያው ሁሉ ቢሰማውስ?» ብላ ከለከለችን።

ነጋዴው ሸራ ዘርግቶ ያገለገሉ ሬዲዮኖችና ቴፖች ደርድሮ ነበር። አባቴ በቅሎ ሲገዛ እንደሚያደርገው መጀመሪያ ከሩቅ ቆሞ አያቸው፣ ቀጥሎ እያነሳ መዘናቸው፣ ከዚያ አንዱን ደብለብ ብሎ የተሠራ፣ የካሴት ማስገቢያው አንድ የሆነ ቴፕ መረጠና በሩን ከፍቶ የበቅሎ ጥርስ እንደሚያይ ሰው ጎንበስ ብሎ ውስጡን አየው፣ እፍ አለበት፣ ዘጋው። ነጋዴው ሬዲዮኑን ከፈተለት፣ ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ፣ አባቴ ደስ አለው።

«አሁን ደግሞ በካሴት ላሰማዎት» አለ ነጋዴው፣ ከሳጥኑም አንድ ካሴት አነሳ።

«የምን ካሴት ነው?»

«ዘፈን ነዋ፣ አባቴ። ሌላ ምን አለኝ?»

«በሁዳዴ ዘፈን ከፍተህ ልታስኮንነኝ ነው?»

«ኧረ ለአንድ ደቂቃ ብቻ ነው፣ ለመሞከር።»

«ሥጋስ አንድ ጉርሻ ብቻ ከሆነ ይበላል?» አለ አባቴ። ዙሪያውን የቆሙት ሳቁ፣ ነጋዴውም እየሳቀ ካሴቱን መልሶ አስቀመጠ። «እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ፣ እኔ ልሞክርልዎት ብያለሁ» አለ። አባቴ ቴፑን በጋቢው ጠቅልሎ ተሸከመው፣ አራት የሬዲዮ ድንጋይ ጨምረን ገዝተን ዳገቱን ወጣን፣ መንገዱን ሁሉም «ሬዲዮኑ እንዲህ ከጮኸ ካሴቱማ እንዴት ይሆን» እያለ ሲሄድ ነበር።

በሌሊት ተነስተን ስለነበር ቤት ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። እናቴ ቀኑን ሙሉ ስታስብ ውላ እህል አልቀመሰችም ነበር፤ ጎረቤቶችም ሰምተው ሰላምታቸውን ሊቀበሉ መጥተው፣ የመጣን ሰው ውጣ ማለት ነውር ሆኖ፣ ቤቱ ውስጥ መቀመጫ ጠፍቶ ልጆች አልጋ ሥር ገብተው ነበር። እናቴ መቀነቷን ፈትታ ካሴቱን ለአባቴ ሰጠችው። አስገብቶ ሲጫነው ያ «እሽሽሽ» የሚለው ድምፅ መጣ። ከዚያ ደሳለኝ ጉሮሮውን ጠረገ፣ እናቴም በእጇ አገጯን ያዘች።

እንደ ወጉ ከአባቴ ጀምሮ በየተራ ሰላምታ አቀረበ። «አባቴ፣ እንዴት ሰነበቱ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ ሙቀቱ ነው እንጂ» አለ፤ የነፍስ አባታችንን ጠየቀ፣ አጎቶቻችንን ጠየቀ፣ በየስማቸው የተጠሩት ሁሉ «እንዴት ነህ፣ አንተ እንዴት ነህ» እያሉ ለቴፑ መለሱለት። እኔን «ትምህርቷን እንዳትተው» አለ። «እናቴን ግን ለብቻዋ የምነግራት አለኝ» አለና አማርኛውን ትቶ እናቴ ወደምትወደው ወደ አገራችን ቋንቋ፣ ወደ ኽምጣኛ ገባ፣ ስሟን ጠራት። ወዲያው ድምፁ ወፈረ፣ የሽማግሌ ድምፅ ሆነ፣ እየተጎተተ ሄዶ ቆመ፤ ከቴፑ ውስጥም የደረቀ ቅጠል ሲረገጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ።

አባቴ የቴፑን በር ሲከፍተው ክሩ በውስጡ ባለው ጎማ ላይ ተጠምጥሞ ተጨማዶ ነበር። ሊጎትተው ሲል «አባባ፣ አይጎትቱት» ብዬ እጁን ያዝኩት፣ ግን አንዱ በኩል አስቀድሞ ተበጥሶ ነበር። እናቴ መዳፏን የታመመ ልጅ ሆድ ላይ እንደሚደረገው ቴፑ ላይ አሳረፈችና እንዲያው ቆየች። ጎረቤቶች አንድ በአንድ ወጡ።

«ጾሜን እጠብቃለሁ ብዬ የልጄን ድምፅ አስበላሁ» አለ አባቴ።

«ጾምህን መጠበቅህ ደግ ነው፣ እኔም ካሴቱን አልሰጥም ብዬሃለሁ» አለች እናቴ። «ዝም ብለህ እህል ቅመስ።» ሁለቱም አልቀመሱም።

በማግሥቱ ቴፑንም ካሴቱንም ለመምህሬ ወሰድኩለት። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ዝምተኛ ሰው ነበር፣ አንድ የቀበሌ ክፍል ውስጥ ብቻውን ይኖር ነበር። ነገሩን ስነግረው ይስቅብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፣ አልሳቀም። በቴፑ ውስጥ ያለው ላስቲክ ላልቶ እንደሆነ አየና ከሰቆጣ ሌላ አስመጣ፣ የተጨማደደውን ክር በምላጭ ቆርጦ ደህናውን ከደህናው በስስ ፕላስተር ቀጠለው፤ ከዚያ ቤታችን መጥቶ ጥጥ በአረቄ እየነከረ የቴፑን ውስጥ ሲጠርግ አባቴ ክሩ ከተበጠሰ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «እኔ ስጾም ቴፑ አረቄ ይጠጣል?» አለ። መምህሬ ተቆርጦ የወጣውን አንድ ክንድ የሚያህል ክር ሊጥለው ሲል እናቴ እጇን ዘረጋችና ተቀበለችው።

እንደገና ሰማነው። አባቴ፣ የነፍስ አባታችን፣ አጎቶቻችን፣ የእኔ ትምህርት፣ «እናቴን ግን ለብቻዋ የምነግራት አለኝ»፣ ስሟ። ቀጥሎ ክሩ የተቀጠለበት ላይ የዓይን ጥቅሻ የምታህል ቀጭን ድምፅ፣ ከዚያም በኽምጣኛ «እሱን እንዳትረሺ» አለና ደህና ሁኑ ብሎ ጨረሰ።

«ምኑን?» አለች እናቴ ወደ ቴፑ ጎንበስ ብላ።

እሱ ተቆርጦ በወጣው ክር ላይ ቀርቶ ነበር። መምህሬ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ክረምቱ ያን ዓመት ደህና ገባ፣ ደሳለኝ ግን ለአረም እዚያው ቀረ የሚል ወሬ መጣ። እናቴ ምኑን እንዳትረሳ እንደተነገራት ስለማታውቅ፣ ምንም ነገር ላለመርሳት ቆረጠች። በትሩን በየሳምንቱ ቅቤ ትቀባው ነበር። እሱ የተከላትን የጌሾ ችግኝ ከፍየል ለመጠበቅ ዝናብ ላይ ቆማ አጥር አጠረችላት። ጥጃዋን እንሽጣት ሲባል «እሷን ቢሆንስ ያለኝ?» ብላ እንቢ አለች፤ የበሬውን ቀንበር፣ የአሮጌ ሸሚዙን ቁልፍ፣ ለጎረቤት ያዋሰውን ማጭድ ሁሉ ታስብ ነበር። ሌሊት ዝናብ ሲመታ ደግሞ ድንገት ተነስታ፣ «ጉንፋን ሲይዝሽ ጭንቅላትሽን ሸፍኝ ብሎኝ ይሆናል» ትልና ሻሿን ታስር ነበር። አባቴ ይህን ሁሉ እያየ አንድ ቀን እንኳ ተይ አላላትም፣ ዕዳውን እንደሚከፍል ሰው አብሯት ያጥር ነበር።

ደሳለኝ በሚቀጥለው ኅዳር መጣ፣ ጠቁሮና ከስቶ፣ ለእናቴ ነጠላ ለእኔ ጫማ ይዞ። እናቴ እግሩን እያጠበች፣ ሌላውን ነገር ሁሉ ሳትጠይቀው «እንዳትረሺ ያልከኝ ምኑን ነበር?» አለችው።

ጭንቅላቱን አከከ። «መቼ ነው ያልኩሽ?»

«በካሴቱ።»

ብዙ አሰበ፣ ወደ አባቴም አየ፣ በመጨረሻ እየፈራ፣ «እናቴ፣ ረሳሁት» አለ።

መጀመሪያ አባቴ ሳቀ፣ ከዚያ ሁላችንም ሳቅን፤ እናቴ እግሩን እንደያዘች ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፣ በነጠላዋ ጫፍም ዓይኗን ጠረገች። «አንተ እርሳ» አለችው። «እኔ እንደሆነ አንድ የረሳሁት የለም። ጥጃህም አለች፣ ጌሾህም ጸድቋል።»

ባለሱቋ ሦስት ዓይነት ማጉያ አወጣችልኝ። አንደኛው ሰማያዊና ቀይ መብራት የሚያብረቀርቅ ነው፣ ሁለተኛው ሆድን የሚያንቀጠቅጥ፣ ሦስተኛው ትንሽና ጥቁር፣ ከሁሉም ርካሹ። «ዘፈን ልክፈትልዎት፣ እናቴ? ነው ወይስ ጾም ነው ብዬ መዝሙር ላድርገው?» አለችኝ። እግዚአብሔር ይስጥልሽ አልኳትና ስልኬን አውጥቼ የልጄን መልእክት በእያንዳንዱ እንድታሰማኝ ለመንኳት። መብራት ባለው ላይ ልጄ ከቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ የምታወራ መሰለች፣ በትልቁ ላይ ቃሉ ከጉርምርምታው ጋር ተቀላቀለ፣ በትንሹ ላይ ግን «እማዬ» ከማለቷ በፊት ትንፋሽ ስትወስድ ሰማኋት። ያንኑ ይዤ ገባሁ። ባለቤቴ «ለምን ይህን ትንሹን?» አለኝ፣ ከፈትኩለት፤ እስከ መጨረሻው ሰማና፣ «ጉንፋን ይዟታል እንዴ?» አለ። እኔ በስልኩ ሃያ ጊዜ ሰምቼው ጉንፋኗን አላወቅሁም ነበር።

ዛሬ ድምፅ አይበጠስም። ልጄ የላከችው ሁሉ ስልኩ ውስጥ አለ፣ ያልሰማነውን እንደግመዋለን፣ ያልገባንን መልሰን እንጠይቃታለን፣ እሷም «ነገርኳችሁ እኮ» ብላ ትስቃለች። ያኔ አንድ ጊዜ የምንሰማውን ለመስማት ሁለት ወር እንጠብቅ ነበር፣ የቀረብንንም እናቴ አንድ ክረምት ሙሉ በእጇ ሠራችው። የትኛው ይሻላል ብባል የልጄ ድምፅ እንደ ወንድሜ ድምፅ ተቆርጦ እንዲቀርብኝ አልመርጥም፣ የዛሬው ይሻላል። ቢሆንም እናቴ ካረፈች በኋላ ያን አንድ ክንድ ክር ከሙዳይዋ ውስጥ አግኝቼው ነበር፣ አሁንም እኔ ጋ ነው። የሚያሰማልኝ ባለሙያ ፈልጌ አላውቅም። ባለሱቋ ስታሰናብተኝ፣ ድምፅ ማውጫው ማግኔት ስላለው ካሴት አጠገቡ ቢቀመጥ ድምፁ ይጠፋል ብላኝ ነበርና፣ ሙዳዩን ከማጉያው አጠገብ አንስቼ ማዶ ካለው መደርደሪያ ላይ፣ ከሁሉም በላይ አስቀመጥኩት።