የወንድሜ የገና ዱላ

ማራኪ ሰፈር ካለው አናጺ ደጅ ሳልፍ አዲስ የተቆረጠ ወይራ ሸተተኝና እግሬ ተያዘ።

በሐሳቤ ልጅ ነኝ፤ ያደግሁበት ትክል ድንጋይ፣ የገና ዕለት። ልጆቹ መስኩ ላይ ቡድን እየመረጡ ነው። የዘመተው ወንድሜ ዱላ ግን ለእኔ ቁመት ረዝሞ፣ ጥንጓን ልመታ ስሰነዝር መሬት ይቆፍራል።

«አባቴ፣ ከላይ ቁረጥልኝ!»

«የወንድምሽ ነው። ሲመጣ በምን ይጫወታል?»

«ሁልጊዜ ሲመጣ ትላለህ! አጭር ስለሆንሁ ልቅር? ይህ ፍርድ ነው?»

አባቴ መጥረቢያውን አንስቶ ከእጀታው በኩል ስንዝር ያህል ቀነሰልኝ። ዱላው ልኬ ሆነ። እኔ በደስታ ስዘል እናቴ ወጣች፤ ቁራጩን አየችና መሬት ላይ ዘፍ ብላ አለቀሰች።

«ምነው፣ መርዶ ደረሰህ?»

«የለም። ልጅቱ ትጫወት ብዬ ነው» አላት፤ ዓይኗን ግን አላየም።

ለአንድ ዱላ ምን ያስለቅሳታል ብዬ ወደ መስኩ ሮጥሁ።

ዛሬ የእኔም ልጅ ከቤት ከወጣ ቆየ፤ ስልኩ አይጠራም። ጎረቤቶቼ «እማማ፣ የልጅዎን ክፍል ለተማሪ ያከራዩት እንጂ፤ ባዶውን ምን ያደርጋል?» ይሉኛል።

«ባዶ አይደለም» እላቸዋለሁ። «ሰው አለበት።»