ሞዞና ዳዶ በሻርጃ

ካገር የወጣሁ ለታ ማታ ጌጃ ሰፈር መብራት ጠፍቶ ነበር። አጎቴ ጋሽ ረዲ፣ ያሳደጉኝም መካኒክ ያደረጉኝም እሳቸው ናቸው፣ በሻማ ብርሃን እጄን ያዙና ይስሙኛል ስል አሸተቱት። ናፍታው ለቆት እንደሆነ ለማየት ነው። ቀኑን ሙሉ በዱቄት ሳሙና ስፈትገው ስለዋልኩ ቆዳዬ ተልጧል፤ እሳቸው ግን አፍንጫቸውን ሸብሸብ አድርገው አሁንም ይሸታል አሉ። ከዚያ ምክር መጣ። ሰው ሲሰደድ ሶላትህን አትርሳ፣ ክፉ ጓደኛ አትያዝ ይባላል። ጋሼ የመከሩኝ ይህችን ብቻ ነው።

"የፊት ጎማ ይቅርታ አያውቅም። የኋላው ቢለቅህ ትቆማለህ። የፊቱ ከለቀቀህ ግን ሰው ትጨርሳለህ።"

ለምን እንደወጣሁ የሰፈር ሰው ሁሉ ያውቃል። ጋራዣችን ለግንባታ ተፈለገና ፈረሰ፤ ዕቃው በጆንያ እየታጨቀ ለቁራሌው ተሸጠ፤ ጋሼ ቤት ዋሉ። እኔ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሰው ጋራዥ ተቀጠርኩ፤ እዚያ የሚሠራውን ሳይ አንገሸገሸኝ። ሞዞ የምንለው ጎማው የሚታሰርበት የመሃሉ ብረት ነው። የሞዞው ቀዳዳ ጎማውን ከለበሰው ቸርኬ ቀዳዳ ጋር አልገጥም ሲላቸው በብየዳ ይደፍኑትና በዓይን ገምተው ሌላ ይበሱበታል። ተዉ ስል "አንተ ደግሞ አታካብድ" ይሉኛል። እኔ ሞኙ ታዲያ፣ ውጭ አገር ሥራ ማለት ሥራ ነው፣ እዚያ በዓይን የሚበሳ ቀዳዳ የለም ብዬ ተነሣሁ። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላሉ። ውሸት ነው፤ እኔን የናፈቀኝ የማላውቀው ነበር።

ሻርጃ የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት ሙቀቱ ፊቴን ላሰኝ። ላሰኝ ነው የምላችሁ፤ እንደ ላም ምላስ እርጥብና ሸካራ ነው። በልደታ የሐምሌ ጭቃ የተነጫነጭኩት ሁሉ ትዝ አለኝና አላህን ይቅርታ ጠየቅኩ። ማደሪያዬ ቤድ ስፔስ ይባላል። ቤትም አይደለም፣ ክፍልም አይደለም፤ ያንተ የሚባለው አልጋው ብቻ ነው። ትራሱ ላይ ከእኔ በፊት የተኛው ሰው የፀጉር ቅባት ደርቆ ተጋግሯል። ከላዬ የሚተኛው ሰውዬ እግሩን ወደ እኔ አንጠልጥሎ ነው ካልሲውን የሚያወልቀው። ሽንት ቤቱንማ አልነግራችሁም፤ ምግብ ላይ ሆናችሁ ታነቡት ይሆናል። ኤጭ!

አንድ ቀን ሽንኩርት በበርበሬ ባቁላላ አከራዩ እየሮጠ መጣ። የእናንተ ምግብ ሽታ መጋረጃ ውስጥ ይገባል አለኝ። መጋረጃ እኮ የለንም አልኩት። "ሳመጣ ይሸታል" አለኝና ድስቴን ይዞብኝ ሄደ። ከዚያ በኋላ ኩቢዝ የሚሉትን ስስ ዳቦ በውኃ ማወራረድ ሆነ ሥራዬ። ቆጮ የለመደ ጥርስ ምኑን ያኝከዋል? እሱስ ይሁን፤ የጠላሁት እንብላ የሚል ሰው ማጣቴን ነው። አብሮህ የሚኖረው ሰው ፊትህ ተቀምጦ፣ ዓይንህን እያየ፣ እስከ ጣቱ ልሶ ይጨርሳል። መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር፤ በኋላ አስጠላኝ።

አንድ የምተማመንበት ነገር ቢኖር እንግሊዝኛዬ ነበር። አትሳቁብኝ። የጋራዥ ቃል በሙሉ ፈረንጅኛ አይደል? ፈረንጅኛ ደግሞ እንግሊዝኛ ነው ብዬ ነበር የማምነው። የጋራዡ ሙዲር፣ እዚህ አለቃን እንዲህ ነው የሚሉት፣ ሊፈትነኝ አንድ ብሎን አንሥቶ የተጠመጠመበትን ነገር እየጠቆመ ምንድን ነው አለኝ። ደረቴን ነፍቼ "ዳዶ" አልኩት። ግንባሩን ቋጠረ። አልሰማኝም ብዬ ጮክ አድርጌ ደገምኩለት። ሌላ ብረት አነሣ፤ "ኩሽኔታ" አልኩ። ሌላ፤ "ሞዞ"። ሠራተኞቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ዳዶ እነሱ ዘንድ ነት ነው፣ በዓረቡ ሳሙላ ነው። ሙዲሩ የዱር ሰው ላኩልኝ ብሎ ጎማ ፈቺ አደረገኝ። እኔ፣ የጋሽ ረዲ ልጅ!

ምሥጢሩን የነገረኝ ተሾመ ነው። ተሾመ የሰንጋ ተራ ልጅ ነው፤ ቱሪስት ጭኖ በረሃ አሸዋ ላይ የሚያንደረድር ሾፌር። መኪናው ጋራዣችን ስለሚሠራ ይመላለሳል። አንድ ቀን ለራሴ "ይኼ ዳዶ ደግሞ" እያልኩ ስነጫነጭ ሰምቶኝ፣ የት ሰፈር ነህ ብሎ አቀፈኝ። የፈተናዬን ጉድ ስነግረው እንባው እስኪመጣ ሳቀና፣ "ጀለሴ፣ እሱ እኮ ጣልያንኛ ነው። ጣልያን ብትሄድ ኖሮ ዛሬ ዋና መካኒክ ነበርክ" አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመጣ ቁጥር እጁ ላይ ያለውን ሁሉ እንብላ ይለኛል። እዚህ አገር ሰው የሆነልኝ እሱ ነው።

የተሾመ መኪና የኋላ አክስሉ በጠንካራ ተቀይሮ ባለ ስድስት ብሎን ሆኗል፤ የፊቱ አምስት እንደሆነ ቀርቷል። ስለዚህ አንዱ ስፔር ጎማ ለፊትም ለኋላም አይሆንም፤ በረሃ ላይ ጎማ ቢፈነዳ ጉድ ነው። የመኪናው ባለቤት የፊቱንም ስድስት አድርጉልኝ ብሎ አመጣው። መካኒክ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ሞዞው ከነፍሬን ዲስኩ በባለ ስድስት ይቀየራል፣ ውስጡ ያለው ማሽከርከሪያ ኩሽኔታው ይታያል፣ አለቀ። ጋሼ ስንቱን እንዲያ ሠርተዋል። ሙዲሩ ግን ከገበያ ሁለት ክብ ብረት ይዞ መጣ። በአምስቱ ብሎን ሞዞው ላይ ታስሮ፣ በራሱ ስድስት ብሎን ቸርኬውን የሚይዝ ነው። በትክክል የተቆረጠ ቢሆን ክፉ አይደለም። ይኼኛው ግን የመሃል ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ሞዞው ላይ አይቀመጥም። የመኪናው ክብደት በሙሉ በብሎን ብቻ ይንጠለጠላል፤ ዳዶውም ጥቂት ዞሮ ነው የሚቆመው። ይህ የፊት ነው፣ አይሆንም አልኩት። ትሠራለህ ወይስ ዛሬውኑ ትኬትህን ላስቆርጥ አለኝ። ጠመንጃ ያዥን ጠልቼ ባሕር ተሻግሬ ጠመንጃ ያዥን አገኘሁት፤ ያውም ነጭ ጋውን ለብሶ። አሰርኩት።

ማግስቱን ጠዋት ተሾመ መኪናውን ሊወስድ መጣ። ልጆች ይዘው የመጡ ቱሪስቶች ሆቴል እየጠበቁት ነው። ከተናገርኩ መባረሬ ነው፤ ዝም ካልኩ ደግሞ ቁልቁል አሸዋው ላይ ተፈትቶ የሚወጣው ጎማ የተሾመ ነው። ሙዲሩ እኛ ሐበሾች ባወራን ቁጥር የሚተረጉምለት ነገር ስልኩ ላይ ጭኗል። ያን ቀንም መጥቶ እንደ ሽማግሌ መሃላችን ቆመ፣ ስልኩን አፌ ሥር ደቀነ። በእሱ ቤት እኛን መያዙ ነው።

እኔም ለስላሳ ድምፅ አውጥቼ፣ ለተሾመ ሰላምታ እንደማቀርብ ሁሉ፣ "ሞዞው ላይ አልተቀመጠም። በዳዶ ብቻ ነው የተንጠለጠለው። የፊቱ" አልኩት።

ስልኩ ትንሽ አሰበና በእንግሊዝኛ ተናገረ። ሞዞውን ሙሴ አድርጎት አረፈ! ሙሴ ላይ አልተቀመጠም፣ ተንጠልጥሏል ይላል። ሙዲሩ ጣቱን ቀስሮ፣ ሥራ ቦታ ላይ ሃይማኖት አታውሩ ብሎ ተቆጣን። ተሾመ አልሳቀም። ፊቱ አመድ መስሎ መሪውን ያዘና ቀስ ብሎ ወጣ። ሆቴል አልሄደም፤ ቀጥታ ሌላ ጋራዥ ገብቶ አስፈታው። ከብሎኖቹ አንዱ ገና ከእኛ በር ሳይርቅ መላላት ጀምሮ ነበር። ባለቤቱ መጥቶ ሙዲሩን በሰው ፊት አዋረደው። ሙዲሩ ግን ሞኝ አይደለም፤ ማን እንደተናገረ ገባው። "ሙሴህን ይዘህ ውጣ" አለኝ። በዚያው ቀን መኖሪያ ፈቃዴን አሰረዘው።

አሁን ሻንጣዬን ይዤ ተሾመ ክፍል ነኝ። አገሬ ልግባ ወይስ ተደብቄ ልሥራ፣ አላውቅም። ለጋሼ ደወልኩና አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ "ጎማው ወጣ?" አሉኝ።

"አልወጣም፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ምን ሆነህ ታለቅሳለህ?"

ዓይኔን በእጅጌዬ ጠረግኩ። እሳቸውም አልጋቸው ሥር ሁለት ባለ ስድስት ሞዞ እንዳለ ነገሩኝ። ያኔ ለቁራሌው አልሰጧቸውም ኖሯል። ጋራዥ የለን፣ መኪና የለን፣ ምን ያደርግልዎታል አልኳቸው።

"እኔ እንጃ። በየጁምዓው ግራሶ እቀባቸዋለሁ። ስትመጣ ዝገው ብታገኛቸው ትታዘበኛለህ ብዬ።"

መቼ ትመጣለህ አላሉኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እጄን አሸተትኩት። አሁንም ይሸታል።