የካርቶኑ ሰፈራችን መብራት

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ከመስቀል በኋላ፣ እዚሁ እንጅባራ ነው። ማታ ማታ ኩራዝ በለኮስኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ትዝ ሲለኝ ደግሞ መጀመሪያ የምሰድበው ራሴን ነው።

እኔ ሬዲዮና ሞባይል ጠጋኝ ነኝ። ሱቄ አስፋልት ዳር ስለሆነ መብራት አለው፤ ቤቴ ግን ከወንዙ ማዶ ነው። ሰፈራችንን ወንዝ ለሁለት ይከፍለዋል። በአስፋልቱ በኩል ያሉት መብራት ገብቶላቸዋል፤ እኛ ማዶኞቹ ግን ምሰሶ እንኳ አልተተከለልንም። ማመልከቻ ስንጽፍ ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ አንድ የመብራት ኃይል ኃላፊ ሊያዩን እንደሚመጡ ተነገረን። በዚያ ጭቃ ማዶ ድረስ እንደማይሻገሩ ስለገባኝ፣ "ሰፈሩን በካርቶን ሠርቼ አሳያቸዋለሁ" አልኩ።

ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ቤቶቹን ከጫማ ካርቶን፣ ጣሪያቸውን ከወተት ጣሳ ቆረጥኩ። ከተበላሸ የገና ዛፍ ጌጥ ላይ የስንዴ ፍሬ የሚያካክሉ አምፖሎች ፈታሁ። አንድ በአንድ እየበየድኩ፣ ፀጉር የመሰለውን ሽቦ በየግድግዳው ሥር አሳለፍኩ። ባትሪው የአሮጌ ስልክ ነው። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ መብራት ያለው ቤት ይበራል፣ የሌለው ይጨልማል።

በዋዜማው ጎረቤት ሁሉ ሊያይ መጣ። ሁሉም የሚፈልገው የራሱን ቤት ነው። የማዶው ሽማግሌያችን አያ አለኸኝ ጎንበስ ብለው ቤታቸውን ሲያገኙ ፊታቸው ጠቆረ።

"ይኼ ጨለማው የእኔ ነው?"

"አዎ አያ፤ መብራት የለዎትማ።"

"ባይኖረኝስ? ገመናዬን ለእንግዳ ታሰጣለህ?"

እማማ ጥሩወርቅም ተከተሉ። ልጃቸውን ለማጨት ሽማግሌ የላኩ ሰዎች ነገ ኃላፊው ሲመጡ ቀበሌው አዳራሽ ይገኛሉ። "ጨለማ ቤት አደገች እንዲሏት ነው?" አሉኝ።

የሚጠቅመን ጨለማው ነው ብዬ አስረዳሁ። ማን ይስማኝ። አምፖል ተርፎኝ ስለነበር ለአያ አለኸኝ አስገባሁላቸው። ለአንዱ ሰጥቶ ሌላውን መንሳት ደግሞ ከጎረቤት አያኗኑርም፤ ለሁሉም አደረስኩ። በመጨረሻ የእኔ ቤት ብቻዋን ጨልማ ሳያት እኔም አላስቻለኝም። የቀረችኝን ሰማያዊ አምፖል ከራሴ ቤት ከተትኳት።

በማግስቱ ኃላፊው መጡ። ጫማቸው ያብረቀርቃል፤ ወንዙን ከሩቅ አይተው ተመለሱ። አዳራሹ አስገብተናቸው መስኮቱን ጋረድንና ማብሪያውን ተጫንኩ። ሰፈሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቦግ አለ። እልልታው ቀለጠ።

ኃላፊው አጨብጭበው ሲያበቁ፣ "ታዲያ መብራት የሌለው የትኛው ነው?" አሉ።

ማንም "የእኔ" አላለም። አያ አለኸኝ ኮርኒሱን ያያሉ፤ እማማ ጥሩወርቅ የወደፊት አማቶቻቸውን ያያሉ። እኔም ሰማያዊዋን አምፖሌን አያለሁ።

"እንኳን ደስ አላችሁ" አሉን ኃላፊው። ምሰሶውን ለባሰበት ሰፈር እንደሚሰጡ ተናግረው ሄዱ። እንዳሉትም ሰጡ።

የእማማ ጥሩወርቅ ልጅ ተድራለች፤ መብራት ያለበት ቤት ገባች። አያ አለኸኝ ሲያገኙኝ እስከ ዛሬ "እንዴት አምሮብን ነበር" ይሉኛል። እኔ ግን አሁንም ያናድደኛል፤ በእነሱ እንዳልስቅ የራሴን አፍ የዘጋው ማን ነው? ካርቶኑ ሳጥኔ ላይ ተቀምጧል፤ ባትሪውን ሱቅ ወስጄ እሞላዋለሁ። ክብሪት የጠፋኝ ዕለት እሱን አብርቼ ኩራዝ የምለኩስበትን ክብሪት እፈልግበታለሁ።