ከሐሙስ በፊት

ሲስተር ሮፊና ካፑሪ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አንብባ አትጨርስም። የመጀመሪያውን መስመርና ፊርማውን ካየች፣ መሃሉ ምን እንደሚል ከሃያ ሁለት ዓመት የአዋላጅነት ሥራ በኋላ ይገባታል። ያንን ደብዳቤ ግን እስከ ግርጌው አነበበችው፤ ከዚያ መነጽሯን ጠርጋ እንደገና አነበበችው። በጎኒያ ጤና ጣቢያ ባለው የአልትራሳውንድ ማሽን የሚሠራው ሐሙስ ሐሙስ ከከተማ የሚመጣው ባለሙያ ብቻ ነው፣ አዋላጆች እጃቸውን ይሰብስቡ ይላል። ከታች «አንብቤ ተስማምቻለሁ» ከሚለው ጎን የፊርማ ቦታ ተትቶላታል።

አልፈረመችም። የማሽኑ ጠረጴዛ አንድ እግሩ አጭር ነበርና ደብዳቤውን አራት ቦታ አጥፋ ከሥሩ ሸጎጠችው። ጠረጴዛው መወዛወዙን ተወ።

ሮፊናን የማያውቅ ሰው ይቺ ሴት እብሪተኛ ናት ሊል ይችላል። የሚያውቃትም ይላል። አጭርና ደንዳና ናት፤ ድምጿ ከጤና ጣቢያው እስከ ገበያው ይሰማል። ዕድሜው ከሃያ በታች ከሆነው የጎኒያ ሰው ግማሹ በእጇ ነው የተወለደው፣ አንዱ ጎረምሳ መንገድ ላይ ሲያስቸግራት «አንተ እኮ ድሮም በእግርህ ነው የመጣኸው፣ ያኔም አስቸጋሪ ነበርክ» ብላ በጓደኞቹ ፊት ታሳፍረዋለች።

ማሽኑን ከባሕር ማዶ ያለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ሲለግስ፣ ሦስት ወር ተልካ ተማረችበት። አርባ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ አብረዋት የተማሩት ልጆቿ የሚሆኑ ናቸው። የመጀመሪያውን ሳምንት ስክሪኑ ላይ ያየችው ሃርማታን የሚባለው የበረሃ ነፋስ እንደሚያመጣው ያለ አቧራ ብቻ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ከዚያ አቧራ መሃል አንዲት ልብ ቱር ቱር ስትል አየችና እዚያው ክፍል ውስጥ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ገዳዮቹንም ማየት ተማረች፦ የማህፀኑን በር የዘጋ የእንግዴ ልጅ፣ ተጋድሞ የቀረ ሕፃን፣ ቦታውን የሳተ ጽንስ። ዕድሜዋን ሙሉ በጣቷ ስትዳብስ የኖረችውን ነገር ዓይኗ ካየው በኋላ አልነካም ማለት አልሆነላትም።

የሐሙሱ ባለሙያ አቶ ሲልቬስተር ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም፣ እጁም ሥራ ያውቃል። ችግሩ ሐሙስ ነው። መኪናው ነዳጅ ሲኖራት፣ ስብሰባ ሳይጠራ፣ ዘመድ ሳይሞት ሲቀር ይመጣል። እሱ የቀረበትን ሐሙስ ሴቶቹ ጥላ ሥር ውለው ይመለሳሉ። ሮፊና እነሱን በማሽኑ ማንሳት ስትጀምር ግን አቶ ሲልቬስተር ሙያው የተደፈረ መሰለው፣ አመለከተ፣ ደብዳቤው መጣ።

ደብዳቤው በመጣ በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ ገበያው በደመቀበት ሰዓት፣ አንድ ሞተር ብስክሌት ሦስት ሰው ጭኖ በሩ ላይ ቆመ። ነጂው ባይሬ የሚባል ወጣት ገበሬ ነው። ከኋላው ሚስቱ አዲያሊ፣ ከእሷ ኋላ ደግሞ አክስቱ ካዌ ደግፋ ይዛታለች። አዲያሊ ካገባች ገና ሰባት ወሯ ነው። ፊቷ አሸዋ መስሏል።

«ሆዷን ነው» አለች ካዌ፣ ሮፊና ሳትጠይቅ። «የባቄላ ቅጠል በላች። አትብዪ ስላት!»

ሮፊና መዝገቡን ገለጠች። ቅዳሜ መጥታ ነበር። «የሆድ ሕመም። የትል መድኃኒት ተሰጥቷል» ይላል። የዚህን ጽሑፍ ትርጉም ታውቃለች።

በጎኒያ የመጀመሪያ እርግዝና የሴቲቱ ወሬ አይደለም፣ የባሏ ቤት ወሬ ነው። ጎረቤት ሁሉ በዓይኑ ቢጨርሰውም፣ የባሏ አክስት ከምድጃዋ ዐመድ ዘግና አንድ ማለዳ በድንገት እስክትረጭባት ድረስ ቃሉን ከአፉ የሚያወጣ የለም፤ ራሷም፣ ባሏም ቢሆን። ዐመዱ ካረፈባት በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። ያኔ አገር የሚያወራላት፣ አገር የሚጠብቃት ትሆናለች፤ ያለ አክስቲቱ ፈቃድም ከዚያ ቤት የሚያወጣት የለም። ጤና ጣቢያውም ይህን ለምዶታል። ዐመድ ያልነካት ሙሽራ ስትመጣ ነርሶቹ «የሆድ ሕመም» ብለው ይጽፉና ዓይናቸውን ይሰብራሉ። ሮፊናም ለዓመታት እንዲሁ ጽፋለች። በዚህ አትኮራም።

«ትከሻሽን ለምን ያዝሽው?» አለቻት አዲያሊን።

«እንጃ ሲስተር። ሸክምም አልተሸከምኩ። ስተኛ ይብስብኛል።»

ካዌ ድንገት እጇን ከልጅቷ ላይ አነሳች። ሮፊና ግን ልብ አላለቻትም፤ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነበር። ሆድ ውስጥ የፈሰሰ ደም ትከሻ ላይ ነው የሚያመው። ልጅቷን አልጋው ላይ አስተኝታ ማሽኑን አበራች።

«እሱ አይነካም ተብሎ የለ እንዴ?» አለች ካዌ። «ደብዳቤ መጣባት ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«መጥቷል። ያውልዎት፣ ጠረጴዛው ሥር።»

ጄሉን ቀብታ እጀታውን ከእምብርቷ በታች አስደገፈችው። ማህፀኑ ባዶ ነው። በስተቀኝ አንዲት እብጠት አለች፤ ዙሪያዋን ጥቁር ፈሳሽ ከቦታል፣ እያየችው ወደ ላይ ይሰፋል። ሮፊና ሥዕሉን ማሽኑ ላይ አስቀረችው። ሐሙስ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ይቺ ልጅ ሁለት ቀን የላትም።

ካዌን አስከትላ ወጣችና ባይሬ ፊት ቆመች።

«ሚስትህ አርግዛለች።»

ባይሬ በጥፊ የተመታ ያህል ወደ ኋላ አለ። ካዌ እጆቿን አጨበጨበች።

«ምን አልሽ? አንቺ ማነሽ? የቤታችንን ቃል ማን ሰጠሽ? እኔ ሞቻለሁ?»

«እርግዝናው ቦታው ላይ አይደለም፣ እማማ ካዌ። ቱቦው ውስጥ ነው ያደገው፣ ቱቦው ፈንድቷል። ሆዷ ደም እየሞላ ነው። አሁኑኑ ሆስፒታል ገብታ ኦፕራሲዮን ትሁን።»

«አክስቴ ሳታውጅ ምን ብዬ ነው የምወስዳት?» አለ ባይሬ። «እዚያ ምን ሆነች ሲሉኝ ምን ልበል?»

ካዌ መሬት መሬት ታያለች። «ነገ ማለዳ አውጃለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ዐመዱ ከገዛ ምድጃዬ መምጣት አለበት። ነገ።»

«ነገ የሚታወጀው ለቅሶ ነው!» ሮፊና ጮኸች፤ ገበያተኛው ዞሮ አየ። «ቁጣዎትን ለእኔ ያቆዩት። ልርከስ፣ ልረገም፣ የፈለጉትን ያድርጉኝ። አንተ ግን ተነስ፣ ሚስትህን አንሳ!»

ባይሬ አክስቱን አየ። ካዌ ከበሩ ገለል አለች። እሱም ገባና ሚስቱን አነሳት።

እህል የሚጭን ባለሦስት እግር ሞተር ከገበያው ተለምኖ መጣ። ሮፊና ግሉኮስ ሰክታ፣ ጠርሙሱን በእጇ ከፍ አድርጋ ይዛ፣ ሃያ ስምንት ኪሎ ሜትር ጆንያ ላይ ተቀምጣ ሄደች። በመላኪያው ወረቀት ላይ ያየችውን ሁሉ ጽፋለች። «አልትራሳውንድ ያነሳው ባለሙያ» በሚለው ቦታ ሙሉ ስሟን ከነአባቷ አሰፈረች። ዶክተሩ ወረቀቱን አነበበና ሌላ ጥያቄ ሳይጠይቅ ልጅቷን ቀጥታ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል አስገባት። አንድ ቱቦዋ ወጣ፤ እሷ ተረፈች።

ያው ወረቀት አቶ ሲልቬስተር እጅ ገባ። ሐሙስ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ በሰዓቱ ደረሰ። ፒክአፕ ይዞ ነው የመጣው።

«ሲስተር፣ እርስዎን አላከብርም ማለት አይደለም» አለ፣ ጥላ ሥር የተሰለፉትን ሴቶች ላለማየት እየሞከረ። «ማሽኑን ውሰድ ተብያለሁ። ማንሳት አንድ ነገር ነው፣ ማንበብ ሌላ። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው።»

«ደግ ባለሙያ መጣልን። ና፣ ይቺን አንብብልኝ።»

የማክሰኞውን ሥዕል ከፈተችለት። አቶ ሲልቬስተር ጎንበስ ብሎ አየ። ብዙ ጊዜ አየ።

«ቱቦ ላይ ነው» አለ በመጨረሻ። «ፈንድቷል።»

«ቀኑን አንብበው።»

«ማክሰኞ።»

«ማክሰኞ የት ነበርክ?»

አንገቱን አከከ። ሰውየው አፈረ፣ ማፈሩም ያስታውቅ ነበር፤ ግን ትእዛዝ ያለበት ሰው ነው። «ተሳስተው ቢሆንስ ኖሮ?» አለ።

«ብሳሳት ስሜ እዚያ ላይ አለ፣ ከእነ አባቴ። ዝም ብል ኖሮስ የማን ስም ይጻፍ ነበር?»

አቶ ሲልቬስተር ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለ። ሻንጣ የሚያህለውን ማሽን ሊያነሳ ሲል በሩ ላይ ካዌ ታየች። ቅል ይዛለች። ሮፊና ይኸው መጣችልኝ፣ ልትከሰኝ ነው ብላ አሰበችና ለመከራከር አፏን አዘጋጀች።

«የታለ ማሽኑ?» አለች ካዌ።

ማንም ሳይመልስላት አየችው። እጇን ቅሉ ውስጥ ከተተች፣ ዘገነች፣ በተነች። ዐመዱ ስክሪኑን፣ ጠረጴዛውን፣ የአቶ ሲልቬስተርን ጥቁር ጫማ ሁሉ አለበሰው።

«ኧረ ማሽኑ! ኧረ በማርያም ማሽኑን!» ሮፊና ቀሚሷን ይዛ ተወረወረች።

«አርባ ዓመት» አለች ካዌ። ለማንም አልነበረም የምትናገረው፣ ለሁሉም ነበር። «አርባ ዓመት ሙሉ ታናሽ እህቴ በሆድ ቁርጠት ሞተች ስል ኖርኩ። እሷም ትከሻዬን ትል ነበር። ምን እንደሆነች ሁላችን እናውቅ ነበር። የባሏ አክስት ለቀብር ሄዳ እስክትመለስ ነበር የምንጠብቀው። ማክሰኞ ይቺ ሴትዮ ትከሻሽን ስትላት ነገሩ ገባኝ። ገብቶኝም ነገ አልኩ! በዚህ ሽበቴ ነገ አልኩ!» ትንፋሽ አጠራት። «እንግዲህ አውጃለሁ። ይቺ ሴት ታያለች። ማሽኑም የእሷ ነው። አልሰማሁም የሚል እንዳይኖር።»

አቶ ሲልቬስተር ጫማውን አራገፈ፣ ማሽኑን ታቀፈ፣ ወጣ። የፒክአፑ ሾፌር አፒዩ ቁልፉን ከመኪናው ነቅሎ ኪሱ ከትቶ ነበር።

«ክፈተው እንጂ።»

«አለቃ፣ እኔ የዚህ አገር ልጅ ነኝ። ዐመድ ያረፈበትን ከቤቱ አላወጣም።»

«ማሽን እኮ ነው! ሴት አይደለም!»

«እሱን ለእማማ ካዌ ይንገሯት። ከፈለጉ ተሸክመው በእግርዎ ይሂዱ፤ እኔ ግን አልነዳም።»

ጥላ ሥር ካሉት ሴቶች አንዷ ሳቀች፣ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። አቶ ሲልቬስተር ፀሐይ ላይ ማሽን ታቅፎ ትንሽ ቆመ። ተመልሶ ገባና ቦታው ላይ አስቀመጠው።

«ቢያንስ ደብዳቤውን ፈርመው ይስጡኝ» አለ። «ባዶ እጄን አልመለስ።»

ሮፊና ተንበርክካ ደብዳቤውን ከጠረጴዛው እግር ሥር አወጣችው። «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ሰረዘች፣ ከላዩ «አልተስማማሁም» ብላ ጻፈች፣ ሙሉ ስሟን ፈረመች። ጠረጴዛው እንደገና መወዛወዝ ጀመረ። በሚቀጥለው ሐሙስ አቶ ሲልቬስተር ለአጭሩ እግር በልኩ እንጨት ጠርቦ አመጣላት።

ለዚያ ደብዳቤ መልስ አልመጣም። ሐሙስ እሱ ያነሳል፤ በሌላው ቀን እሷ። ከዐመዱ ጥቂቱ ዛሬም ከቁልፎቹ መሃል አልወጣም።

በዓመቱ ግድም ካዌ አዲያሊን ይዛ መጣች፣ በእግራቸው፣ ቀስ እያሉ። የካዌ ነጠላ ጫፍ ላይ የተቋጠረ ነገር ነበር። ሮፊና ቋጠሮውን ስታይ ፎጣ ስባ ማሽኑን ለመሸፈን አዘጋጀች።

እጀታውን አስደገፈች። ካዌ ስክሪኑን አላየችም፣ የሮፊናን ፊት ነው ያየችው።

«ቦታው ላይ ነው?»

«ቦታው ላይ ነው፣ እማማ። መሃል ላይ። ልቡም እየመታ ነው።»

ካዌ ቋጠሮዋን ለመፍታት ሞከረች፤ ቋጠሮው ግን ጠብቆ አልፈታ አላት። አዲያሊ ታለቅሳለች። ሮፊና መዝገቡን ስባ ብዕር አነሳች፣ ከዚያ በልማድ እጇ ቆመ። ዐመዱ ገና አላረፈም።

ካዌ አየቻት።

«ጻፊው» አለች። «ዐመዱ ይደርሳል።»