ጳጉሜ ስድስት በመናኸሪያው

የመጀመሪያው ቡጢ ያረፈው ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ አፍ ላይ ነበር። አጠገባቸው ስለቆምኩ ደማቸው ሸሚዜ ላይ ተፈናጠረ። ሽማግሌው የሰባት ቁጥር ወንበር ትኬት ይዘዋል፤ የመታቸው ጎረምሳም የሰባት ቁጥር ትኬት ይዟል። አውቶቡሱ አንድ ነው። የሐዋሳ መናኸሪያ በዚያ የጳጉሜ ስድስት ማለዳ ለአዲስ ዓመት ወደየዘመዱ በሚሄድ ሰው ተጨናንቋል፤ እኔም ወንድሜ ዘንድ አዲስ አበባ ልሄድ ሻንጣዬን ይዤ ነበር። የጠቡ ምክንያት ምን እንደሆነ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ።

የሒሳብ መምህር ነኝ። ከዓመታት በፊት በትርፍ ጊዜዬ የኛን ቀን ወደ ፈረንጅ ቀን የሚቀይር ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ፣ ማንም እንዲጠቀምበት በኢንተርኔት በነጻ ለቀቅኩት። አንድ ትልቅ የአውቶቡስ ድርጅት ወስዶ የትኬት ሥርዓቱን በሙሉ እሱ ላይ ሠራ። ታቦር ክፍለ ከተማ ቤቴ ቁጭ ብዬ የጻፍኩት ነገር አገር ሲያጓጉዝ ሳይ ኮርቼ ነበር። በዚያ ዓመት ክረምቱ ሲገባ ግን አንድ የማላውቀው ሰው ጉድለት አግኝቶ ጻፈልኝ። ጳጉሜ ስድስት ቀን በምትሆንበት ዓመት፣ ፕሮግራሙ ስድስተኛዋን ቀንና መስከረም አንድን እንደ አንድ ቀን ይቆጥራል።

ማስተካከያው የድርጅቱን ሥርዓት እንዳያበላሽ ከነሱ በኩል አብሮኝ የሚሞክር ሰው ያስፈልግ ነበር። «አንድ ፕሮግራመራችሁን ለሁለት ሳምንት አውሱኝ» ብዬ ደብዳቤ ጽፌ መናኸሪያው መስኮት ላይ ለምትቀመጠው የድርጅቱ ትኬት ቆራጭ ሰጠኋት። መልስ የለም። ደግሜ ጻፍኩ፤ አሁንም ዝም። ከዚያ የተማሪዎች ፈተና እርማት ያዘኝና ተውኩት። ተውኩት የሚለውን ቃል ስጽፍ አሁንም እጄ ይከብደኛል።

በዋዜማው፣ ጳጉሜ አምስት፣ የጳጉሜ ስድስትም የመስከረም አንድም ተሳፋሪዎች «ጉዞዎ ነገ ነው» የሚል መልእክት ደረሳቸው። ሁሉም መጣ።

የሽማግሌው ልጅ ጎረምሳውን በግንባሩ አፍንጫው ላይ መታው። የጎረምሳው ጓደኞች ተሽቀዳድመው ገቡ። አንዲት እናት ሕፃን እንዳዘለች ተገፍትራ በጉልበቷ ወደቀች፤ ሰው በላይዋ ይረማመዳል። «ሌቦች! ሁለት ጊዜ ሸጡት!» የሚል ጩኸት ተነሣና ሕዝቡ ወደ ትኬት መስኮቱ ዞረ። ድንጋዩን ማን እንደወረወረው አላየሁም። መስታወቱ ሲረግፍ ግን አየሁ፤ ትኬት ቆራጯ ሁለት እጇን ዓይኗ ላይ አድርጋ፣ ደሙ በጣቶቿ መሃል ሲወርድ አየሁ።

አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ወጣሁና «እሷ ምንም አላደረገችም! ስህተቱ የፕሮግራሙ ነው! የሠራሁት እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ።

የሰሙት «እኔ ነኝ» የሚለውን ብቻ ነው። እግሬን ይዘው ጎተቱኝ። ጎድኔን ረገጡኝ፤ በጫማ ተረከዝ አፌን ሲሉኝ ሁለት ጥርሴ ምላሴ ላይ ወደቀ። ፖሊሶች ደርሰው ያገኙትን ሁሉ በዱላ ሲያራውጡ ለኔም ትከሻዬ ላይ አንድ ደረሰኝ።

ክሊኒክ ውስጥ ከትኬት ቆራጯ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ አስቀመጡን። ግራ ዓይኗ በፋሻ ተሸፍኗል። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ገና ከበሩ ሲገባ በኮሌታዬ አነቀኝ።

«ኮድህ ሰው አስፈጀ! እከስሃለሁ!»

«ሁለት ጊዜ ጽፌላችሁ ነበር» አልኩት፤ ደም ከአፌ እየወጣ።

«ማን ተቀበለህ?»

«እኔ» አለች ልጅቷ፣ ሳትዞር። «ሁለቱንም ጠረጴዛዎ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ‹በነጻ ለሚሠራ ሰው ሠራተኛ አልመድብም› አሉኝ።»

እጁ ከኮሌታዬ ላይ ላላ። ዞሮ በመጣበት በር ወጣ።

ክሱን ተወው፤ ከሳምንታት በኋላ ቢሮው ጠርቶኝ ስሄድ የምስጋና ወረቀት በፍሬም አዘጋጅቶልኝ አገኘሁት። አልተቀበልኩም። «የምፈልገው ሰው ነው» አልኩት፤ «በሳምንት ሁለት ቀን፣ በደመወዛችሁ፣ ይህንን ኮድ ከኔ ጋር የሚያነብ፣ የሚያርም። የምታርሙትም ለሌላው ተጠቃሚ ሁሉ ክፍት ይሁን። እኔ ብታመም፣ ብሞት ማን ያስተካክልላችኋል?» ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ አንዲት ፕሮግራመር መደበ። በመጀመሪያው ሳምንት እኔ በዓመታት ያላየኋቸውን ሦስት ስህተቶች አወጣች፤ ቀናሁም፣ እፎይ አልኩም።

የትኬት ቆራጯ ግራ ዓይን አልዳነም። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ያለው ቤቷ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። በሩን ከፍታ «መምህር፣ ይግቡ» አለችኝ። ያሰብኩትን ሁሉ ተናገርኩ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ለኔ ይቅርታው ምን ያደርግልኛል?» አለች። «አሁን እኔ ቦታ ሌላ ልጅ ተቀምጣለች። የምታስተካክሉት ካለ ለእሷ ቶሎ አስተካክሉላት።»

ከዚያ ወንበር ሳበችልኝ፤ ተቀመጥኩ።