ሱቄ ክፍት ስለነበር ምስክር ሆንኩ

ፖሊሱ እኔን የመረጠኝ አስተዋይ ስለምመስል አይደለም። የዚያን ቀን ጠዋት በቅያሱ ውስጥ ሱቁን ከፍቶ የተቀመጠ ሰው እኔ ስለነበርኩ ነው።

ቅያሱ ከአየር ጤና ዋና መንገድ ገባ ብሎ ጋራዦች የተደረደሩበት ነው። በዚያ ሁሉ ዘይትና ጥቀርሻ መሃል እኔ የሚዜ ቀሚስ እሰፋለሁ። ሰው ይገርመዋል። ኪራዩ ከሌላው ሰፈር ስለሚሻል ገባሁ፣ ደንበኛ ስለለመደኝ ቀረሁ። ከግድግዳዬ ወዲያ የመኪና መብራትና ሽቦ የሚሠራ ጎረቤት ነበረኝ። ከእኔ በዕድሜ ያንሳል፤ «እትዬ» ይለኛል። የስፌት መኪናዬ ሞተር ሲቃጠል ያለ ክፍያ ጠምጥሞልኛል። ሚስቱ ደግሞ ደንበኛዬ ናት፤ ለዘመድ ሠርግ ሁሉ ከእኔ በቀር ሌላ ጋ አታሰፋም።

ሰኔ ነበር። ካውያ ሰክቼ የቀሚስ ጫፍ እየተኮስኩ ሳለ አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ቆመ።

«እናት፣ አንዴ ይምጡና ይታዘቡልን።»

«ምኑን?»

«ጎረቤትዎ ጋ ፍተሻ አለ። የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ይዘናል። ሁለት ታዛቢ ያስፈልጋል፤ አንዱን አግኝተናል።»

«ካውያ ሰክቻለሁ እኮ።»

«ይንቀሉታ!» አለኝ፣ እንደ ቀልድ።

ነቀልኩት። ከመንገዱ ማዶ ጎማ የሚለጥፉት ጎሚስታ ቀድመውኝ ቆመዋል፤ እሳቸው ናቸው «አንዱ» የተባሉት። ጎረቤቴ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ዳር ቆሟል። ፖሊሶቹ መደርደሪያውን አዩ፣ ሳጥን ከፈቱ፣ ከዚያ ብረት መቆንጠጫው ሞርሳ ወደታሰረበት ጠረጴዛ ሄዱ። ከሥሩ የተዘረጋውን ሸራ ሲያነሱት አንድ ማዳበሪያ ወጣ። አፉን ሲፈቱት ስፖኪዮ ነው። የቀኝ፣ የግራ፣ የትንሽ መኪና፣ የትልቅ መኪና፤ አንዳንዱ ሽቦው እንደተበጠሰ ተንጠልጥሏል። በዚያ ሰሞን ቤቴልም ጦር ኃይሎችም መኪና ያቆመ ሰው ሲመለስ ያለ መስታወት ነበር የሚያገኘው።

«ይሄ የማን ነው?» አለ ፖሊሱ።

«ሰው አስቀምጦብኝ ነው» አለ ጎረቤቴ።

«ማን?»

ዝም አለ። ፖሊሱ ደግሞ ጠየቀው። አሁንም ዝም አለ። ዓይኑ ከፖሊሱ ላይ ተነሥቶ እኔ ላይ አረፈና መሬት አየ። 

ያየነው ተጻፈና አስፈረሙን። ብዕሩን ስመልስ «ከዚህ በኋላስ?» አልኩት ፖሊሱን።

«ምንም። ምናልባት ቢጠሩዎት ነው።»

እንዲህ ዓይነቱን ሰው የደረጃ ምስክር ይሉታል፤ ኋላ ነው የሰማሁት። ወንጀሉ ሲፈጸም ያየ አይደለም፤ ፖሊስ ዕቃ ሲያገኝ ቆሞ ያየ ነው። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ጅቡቲ መስመር ላይ እንዳለ ደውዬ ስነግረው ጮኸብኝ።

«ለምን ገባሽ?»

«ማን ጠየቀኝና! መጥቶ ወሰደኝ እኮ።»

«ሆዴን አመመኝ አይባልም?»

ሆዴን አመመኝ ማለት አልመጣልኝም። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከገጠር መጥቶ መርካቶ ዕድሜውን የጨረሰ ነጋዴ ነበር። ድሮ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲጣሉ ያገኙትን መንገደኛ «በሕግ አምላክ» ብለው ያቆሙታል፤ የቆመው ሰው ጉዳዩ ቢኖርበትም ባይኖርበትም ሰምቶ ይዳኛል፤ እያለ በኩራት ያወራልን ነበር። ያ መንገደኛ ወዴት እየሄደ እንደነበር፣ ማን ይጠብቀው እንደነበር ግን አባቴ አንድም ቀን አልነገረን።

መጥሪያው የመጣው በጥር ነው። ጥር ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ ሚዜ ሆና የምታውቅ ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። ጠረጴዛዬ፣ ወንበሬ፣ ግድግዳዬ ሁሉ ጨርቅ ነው። የቀጠሮው ቀን ሐሙስ ሲሆን የአንድ ሙሽራ ሚዜዎች ለመጨረሻ ልኬት የሚመጡት በዚያው ሐሙስ ነው፤ ሠርጉ እሑድ።

«በሌላ ቀን አይሆንም?» አልኩት መጥሪያውን ያመጣልኝን ፖሊስ።

«እትዬ፣ ሠርግ እንኳን ይዛወራል፤ ይሄ አይዛወርም። ካልቀረቡ ታስረው ነው የሚቀርቡት።»

ታስሬ! ጥፋተኛው ማን ሆነና? እያጉረመረምኩ ሄድኩ። ፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ መቀመጫ ስላልነበረ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ጎረቤቴ በዋስ ተለቅቆ ነበርና ከፊት ለፊቴ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሁለታችንም ጠዋት ሱቃችንን ጎን ለጎን ቆልፈን ነው የመጣነው። ምን ይባላል? ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለኝ፤ እኔም ዝቅ አልኩ። ጎሚስታው አልመጡም። ሱቃቸውን ዘግተው ወደ አገራቸው ከገቡ ቆይተዋል፤ የት እንደሆኑ የሚያውቅም የለ። ጦሱ ሁሉ እኔ ላይ ቀረ።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ አንዲት ልጅ ወጥታ ዳኛዋ ስልጠና ላይ ስለሆኑ ጉዳዩ ለሚያዝያ መቀጠሩን ነገረችን።

«ይህን ጠዋት አታውቁም ነበር?» አልኳት።

«እኔ ልንገራችሁ ተባልኩ ነገርኳችሁ» አለችኝ። እውነቷን ነው። እሷን ብቆጣ ምን ይጠቅመኛል። ስመለስ ሚዜዎቹ ጠብቀው ጠብቀው ሄደዋል። ከቀሚሶቹ ግማሹን እንድታጠናቅቅልኝ ቤቴል ላለች የሙያ ጓደኛዬ ሰጠሁና እሷ ደግሞ የአንዷን ወገብ አጥብባ ሰፋችው። ልጅቷ ሠርጉን የዋለችው በጀርባዋ መርፌ ቁልፍ ተደርድሮ ነው አሉ። የሙሽራዋ እናት እስከ ዛሬ ሰላም አትለኝም።

ሚያዝያ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ሌላው የሠርግ ወር። ማን እንደሚመርጥልኝ አላውቅም። በዚያ ቀን ጠዋት አየር ጤና የታክሲ ሰልፉ እባብ ሆኗል። ወደ ጦር ኃይሎች የሚጭን አንድም የለም፤ የመጣውም ሰልፉ ሳይደርሰው ከመንገድ ይሞላል። ሰዓቴን እያየሁ ስቁነጠነጥ አንዲት አሮጌ ነጭ መኪና አጠገቤ ቆመች። ጎረቤቴ ነው። ጎንበስ ብሎ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ፣ ወደዚያው አይደል የሚሄዱት? ይግቡ።»

ሰልፉን አየሁ፣ እሱን አየሁ። «ታስረው ነው የሚቀርቡት» የሚለው ጆሮዬ ውስጥ አለ። ገባሁ።

መንገዱን ሙሉ ስለ ክረምቱ መቃረብ፣ ስለ ኪራይ መጨመር አወራን። ስለ ጉዳዩ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እኔ ግን መቀመጫው እሾህ ሆኖብኝ ነበር። ልመሰክርበት የተጠራሁበት ሰውዬ ራሱ እየወሰደኝ! ሳቅም መጣብኝ፣ ልቅሶም። ልንደርስ ስንል መብራት አስቆመንና ያኔ ነው የተናገረው፤ ወደፊት እያየ።

«እትዬ፣ ሰው አስቀምጦብኝ ነው ማለቴን ሰምተዋል አይደል?»

«ሰምቻለሁ።»

«እሱን ብቻ ይበሉልኝ። ሌላ አልጠይቅዎትም።»

«ያየሁትን ነው የምናገረው» አልኩት። ድምፄ ለራሴም ደረቀብኝ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነና ሄድን።

ያን ቀንም አልመሰከርኩም። በዚህኛው ጊዜ ዳኛዋ ነበሩ፤ ግን ዕቃውን ያወጣው ፖሊስ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ መጥሪያው አልደረሰውም ተባለ። ዐቃቤ ሕጉም ምስክሮቼን አንድ ላይ ላሰማ አለ። ለሰኔ ተቀጠረ። «እኔን እንኳን ዛሬ ስሙኝና ልገላገል» ብዬ ከወንበሬ ተነሥቼ ነበር፤ ሥርዓት አስከባሪው በእጁ ተቀመጪ አለኝ። ስንወጣ ጎረቤቴ ልመልስዎት አለኝ። አይሆንም ብዬ በታክሲ ተመለስኩ። ግን ምን ዋጋ አለው፤ ጠዋት ስገባ ያየኝ አይቶኛል።

በሳምንቱ ወሬው ቅያሱን ሞላው። ግማሹ «ገዝቷታል፣ በመኪናው ይዟት ይዞራል» አለ። ግማሹ ደግሞ «ጎረቤቷን ልታሳስር በየወሩ ፍርድ ቤት ትመላለሳለች» አለ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መሆን እንዴት እንደሚቻል የጠየቀ ሰው የለም። ስፖኪዮው የተሰረቀበት አንድ ባለ ሱቅ ሳልፍ ጠብቆ «እትዬ፣ አደራ እንዳያታልልዎት» ይለኛል። አጠገቡ ያለው በያጅ ደግሞ በሌላ ጊዜ «የሰው ቤት አይፍረስ» ይለኛል። አደራውም ተግሣጹም ለእኔ ነው። ደፍረው ለፖሊሱም ለጎረቤቴም የሚናገሩት የለም።

ባለቤቴ ከመንገድ ሲመለስ የራሱን መፍትሔ ይዞ መጣ።

«አላስታውስም በይ። ዓመት ሞላው እኮ፤ ማን ይፈርድብሻል?»

«አስታውሳለሁ እኮ።»

«ቢሆንስ? ሰው የሚያስታውሰውን ሁሉ ያወራል እንዴ?»

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ደክሞኝ ሲያየኝ ነው። እኔም ሐሳቡ ሳያጓጓኝ አልቀረም። አላስታውስም ብሎ ወጥቶ መሄድ እንዴት ያለ ዕረፍት ነው! ነገር ግን ያ ማዳበሪያ ሲፈታ፣ እነዚያ መስታወቶች ጣሪያውን፣ የፖሊሱን ኮፍያ፣ የእኔን ሻሽ ቁርጥራጭ አድርገው ሲያሳዩ እስካሁን ይታየኛል። እንዴት አላስታውስም ልበል።

በሰኔው ቀጠሮ ቀን ዝናብ ነበር። ጃንጥላዬን ይዤ እዚያው ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለ ነጯ መኪና መጣች። ሳላስበው አንድ እግሬን ወደ አስፋልቱ አወጣሁ። አልቆመም። ወደ እኔም አልዞረም፤ ውኃ ረጭቶብኝ አለፈ። ጠበቃ ይዞ ነበርና ጠበቃው ከለከለው መሰለኝ፤ ልክም ነው። እኔ ግን ተናደድኩ። በመኪናው በመግባቴ ስሜ የጠፋ ሴት፣ አላሳፈረኝም ብዬ ተቀየምኩ!

ያን ቀን ከጎሚስታው በቀር ሁሉም ተገኘ። ስሜ ሲጠራ ተነሣሁ። ቀኝ እጄን አንሥቼ ማልኩ። ከተከሳሹ ጋር ዝምድና ወይም ጠብ አለሽ ተባልኩ። «ጎረቤቴ ነው» አልኩ።

ዐቃቤ ሕጉ ማዳበሪያው ከየት እንደወጣ ጠየቀኝ፤ ከሞርሳው ጠረጴዛ ሥር፣ ሸራ ለብሶ አልኩ። ውስጡ ምን ነበር፤ ስፖኪዮ። ጨርሻለሁ ብሎ ተቀመጠ። የአንድ ዓመት ምልልሴ ይቺ ብቻ ሆነች? ልቤ እርር አለ።

ከዚያ ጠበቃው ተነሣ።

«ዕቃው ሲወጣ ደንበኛዬ ምን አለ?»

«ሰው አስቀምጦብኝ ነው አለ።»

«በዚያው ቅጽበት? ሳያስብ?»

«ወዲያው ነው ያለው።»

ጠበቃው በደስታ ተቀመጠ። ጎረቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ሊያበቃ ነው ብዬ መተንፈስ ስጀምር ዳኛዋ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«እኔ ለማጣራት አንድ ጥያቄ አለኝ። ማን እንዳስቀመጠበት ተጠይቆ ነበር?»

«አዎ፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

«ምን መለሰ?»

 ጎረቤቴን ላለማየት የጠረጴዛውን እግር አየሁ። ዝምታ መልስ ነው ወይስ አይደለም? ከአፌ ሳላወጣው ባልፍ ኖሮ ዋሸሽ የሚለኝ ማን ነበር?

«ዝም አለ። ሁለቴ ጠየቁት፤ ሁለቴም ዝም አለ።»

ዳኛዋ ጻፉ። «አመሰግናለሁ፤ መሄድ ትችያለሽ» አሉኝ። ዝናቡ ሳያባራ ወጣሁ።

ጥፋተኛ መባሉን የሰማሁት ከወሬ ነው። ሌላ ጥፋት ስላልነበረበት ቅጣቱን በገደብ አደረጉለትና ሳይታሰር ወጣ። በቅያሱ ግን አልቆየም፤ ዕቃውን ጭኖ ወደ ቤቴል በኩል ሌላ ቦታ ተከራየ። ሲጭን ደጄ ላይ ቆሜ ነበር። «እግዚአብሔር ያቃናልህ» አልኩት። «አሜን እትዬ» አለኝ፣ ሳጥን ተሸክሞ፣ ሳይቆም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሚስቱ መጣች። ከነገሩ በፊት ጨርቅ አስቀምጣ ነበር፤ መልሺልኝ የምትል መስሎኝ ራሴን አዘጋጀሁ። ልኬቷን እንድወስድላት እጆቿን ዘረጋች። ትከሻዋን፣ ደረቷን፣ ወገቧን ለካሁ። ኋላ፣ ሜትሩን ወገቧ ላይ እንደያዝኩ፣ ቀስ ብላ እንዲህ አለችኝ፦

«እውነቱን ነው የተናገርሽው። ሁልጊዜም እንደዚያ ነሽ። ግን ትንሽ ብታሳጥሪው ምን ነበረበት?»

«ጠየቁኝ እኮ» አልኳት።

«እሱማ ጠየቁሽ።»

 ወገቡን ትንሽ ሰፋ አድርጊው፣ እየወፈርኩ ነው አለችኝ። ጻፍኩት።