አሥረኛው ውሻ

ባለፈው ሐሙስ ልጄን የኩፍኝ ክትባት ላስከትባት ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ የክትባት ሳጥኑን ክዳን ስታነሣ የበረዶው ቅዝቃዜ ወጥቶ ፊቴን ነካኝ፤ አብሮት የአልኮል ጥጥ ሽታ መጣ። ትንሿን ብልቃጥ በጣቶቿ መሀል ይዛ አገላበጠቻትና መልሳ አስቀመጠቻት። «ይቺ የአሥር ልጅ ናት። ዛሬ ሦስት ናችሁ፤ ሰኞ ሰብሰብ ብላችሁ ኑ» አለችን። ሌሎቹ እናቶች አጉረመረሙ፤ እኔ ግን ሳቄ መጣ። ነርሷ በእሷ የሳቅሁ መስሏት ተቀየመችኝ። ምን ብዬ ልንገራት? የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እዚሁ ሶዶ ውስጥ፣ እንደዚያች ያለች ብልቃጥ ለማስከፈት ዘጠኝ ውሻ ለምኜ ሰብስቤ ነበር።

ቡችላውን የሰጠኝ አባቴ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ዘበኛ ነው። እናቱ ከወለደቻቸው ሁሉ የቀረው እሱ ብቻ ነበር። ቀለሙ የደረቀ የእንሰት ቅጠል ይመስላል። አንድ ጆሮው ቆሞ አንዱ ይወድቃል፤ ሆዱ ደግሞ ትል ስለነበረበት ነው መሰለኝ ከመላ አካላቱ ይበልጥ ነበር። ሹራቤ ውስጥ አቅፌው ስመጣ ወተትና ጭድ የተቀላቀለበት ሽታ ነበረው፤ ያን ሽታ ከዚያ ወዲህ የትም አላገኘሁትም።

እናቴ ካረፈች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። ቤት ውስጥ እኔና አባቴ ብቻ ነበርን፤ አባቴ ደግሞ ደብተር ማረም ከጀመረ ቃል አይወጣውም። ቡችላው ከመጣ በኋላ ግን ቤቱ ውስጥ ሌላ ትንፋሽ ነበረ። ከሁሉ አጥርቼ የማስታውሰው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እሱ እግሬ ላይ ተኝቶ ያንኮራፋል፣ እኔ እንዳይነቃብኝ ብዬ እግሬ እየደነዘዘ ንቅንቅ አልልም። ትምህርት ቤት የዋልኩትን ሁሉ የማወራው ለእሱ ነበር።

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን አንድ ባጃጅ ድምፅ ማጉያ ታስሮበት በመንገዳችን ቀስ እያለ አለፈ። አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በወላይትኛ ይናገራል። ከተማው ውስጥ ያበደ ውሻ ሰው ነክሷል፤ ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ የክትባት ካርድ የሌለው ውሻ በመርዝ ይወገዳል። ድምፁ ጥጉን ዞሮ እስኪጠፋ ድረስ በራፉ ላይ ቆሜ ሰማሁ። አባቴም ሰምቶ ወጣና ቡችላውን፣ ከዚያ ደግሞ ውሻ ቀርቶ ዶሮ የማያግደውን የቅጠል አጥራችንን አየ።

«ካርድ ካላገኘ እዚህ አይቆይም። እስከዚያ ድረስ ስም እንዳታወጪለት» አለኝ።

ስም የወጣለት ነገር ከቤት አልወጣም እንደሚል ያውቃል። እኔ ግን በልቤ ስድስት ያህል ስም አውጥቼለት ነበር።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ እንስሳት ክሊኒኩ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ ነበረ፤ ፀሐይዋ በቅጠሉ መሀል እያሾለከች መሬቱ ላይ ትወዛወዛለች። ሐኪሙ ከዛፉ ሥር አንድ በግ በጉልበቱ መሀል ይዞ አፏን ያይ ነበር። ተናግሬ እስክጨርስ ቀና አላለም።

«ዕድሜው ስንት ነው?»

«ሦስት ወር» አልኩ። ዕድሜውን ማንም አልነገረኝም፤ ከሦስት ወር በታች እንደማይከተብ ግን ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ሳልገባ አንብቤዋለሁ።

«እንግዲህ ብልቃጡ የአሥር ውሻ ነው። አንዴ ከተከፈተ አያድርም፤ የቀረውን እደፋዋለሁ። ለአንድ ቡችላ ብዬ አልከፍትም። ዘጠኝ ውሻ ይዘሽ ከመጣሽ ዓርብ እከፍትልሻለሁ» አለኝ።

እንደማልመለስ እርግጠኛ ነበር። እኔ ግን ቃሉን ይዤ ወጣሁ።

ዘጠኝ ውሻ ማግኘት ቀላል መስሎኝ ነበር፤ የሠፈራችን ሰው ሁሉ ውሻ አለው። ነገር ግን ሁሉም ውሻውን ግቢው ውስጥ አስሮ ክፉው ቀን እስኪያልፍ የሚጠብቅ ነበር። በዚያ ላይ አንድ እምነት ነበራቸው፦ መርፌ የተወጋ ውሻ ድምፁ ይሄዳል፤ ሌባ ቢመጣም ዝም ብሎ ያያል። አንዷ ጎረቤታችን፣ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ናት፣ በራፏ ላይ ቆማ «እኔ ውሻ ያስቀመጥኩት ለጩኸት ነው፣ ለመልክ ነው እንዴ?» አለችኝ። ሦስት ቀን ተመላልሼ፣ ውኃ ቀድቼ፣ ልጅ አዝዬ፣ ስምንት አገኘሁ። የእሷም ከስምንቱ አንዱ ነው።

ዘጠነኛው የባለሱቁ ውሻ ነበር። ባለሱቁ ቤተሰቡ ከጉራጌ አገር የመጣ ሰው ነው፤ ጥቁር ውሻው ከደንበኞቹ በላይ ይከበራል።

«ልጄ፣ ይኸ ውሻ ሱቄን የሚጠብቀው በጥርሱ እንዳይመስልሽ፤ በድምፁ ነው። ድምፁ ከሄደ ምን ይውጠኛል?»

«ጋሼ፣ እሱ ካልጮኸ እኔ መጥቼ እጮህልዎታለሁ።»

ዘይት እየቀዳ ነበር፤ ከሳቁ ብዛት ግማሹ ከጠርሙሱ ውጭ ፈሰሰበት። «እስቲ ጩኺና ልስማሽ!» አለኝ። ጮኽሁ። ባንኮኒው ፊት ቆሜ፣ በዩኒፎርሜ፣ አንገቴን አስግጌ ጮኽሁ። ጥቁሩ ውሻ ከተኛበት ተነሥቶ መለሰልኝ፤ ባለሱቁም እንባውን እየጠረገ እሺ አለ።

ዓርብ ጧት ዳሞታ ተራራ በጉም ተጠቅልሎ እግሩ ብቻ ይታይ ነበር። ጉሙ እስከ መንገዳችን ወርዶ ውሾቹ አንዴ ይጠፋሉ፣ አንዴ ብቅ ይላሉ። ባለቤቶቹ ገመድ ይዘው ወደፊት፣ እኔ ቡችላውን አቅፌ ከኋላ። ባጃጆች ቆመው አሳለፉን። እርጥብ አፈርና እርጥብ ፀጉር ይሸታል፤ ከወደ ፊት የባለሱቁ ሳል ይሰማል። አሁን ሳስበው በእግሬ የሄድኩ አይመስለኝም፤ እንዲያው ጉሙ ነው የወሰደኝ።

ሐኪሙ ሲያየን ቆቡን አወለቀ። ቃሉን አላጠፈም፤ ብልቃጡን ከበረዶው ውስጥ አውጥቶ ከፈተው። ዘጠኙ አንድ በአንድ ተወጉ፤ ለየአንዳንዳቸው ቢጫ ካርድ ተጻፈላቸው። መጨረሻ ላይ የኔ ደረሰ። ሐኪሙ ቡችላውን ተቀብሎ ከንፈሩን በአውራ ጣቱ ገለጥ አደረገና ጥርሱን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ።

«ይኼ ሁለት ወርም አልሞላው።»

«ይውጉልኝ፣ ዶክተር።»

«ብወጋውም አይይዝለትም።»

«እንግዲያው ካርዱን ብቻ ይስጡኝ።»

«ካርድ ከዋሸ፣ ሰው ነው የሚሞተው» አለኝ፤ በቁጣ አልነበረም። የትል መድኃኒት ግማሽ ክኒን ሰብሮ አዋጠውና መለሰልኝ። ብልቃጧ ውስጥ የአንድ ውሻ ያህል ቀርቷል፤ ሲደፋው አየሁ።

ዘማሪዋ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ብላ አቀፈችኝ። ባለሱቁ «ዘጠኝ ነፍስ አትርፈሻል እኮ» እያለ ሊያጽናናኝ ሞከረ። ክፉ ነገር ልናገር፦ ያን ጊዜ ዘጠኙንም በአንዱ እለውጣቸው ነበር።

ቅዳሜ አባቴ ቡችላውን በካርቶን አድርጎ ገሱባ አጠገብ ወደምትኖረው እኅቱ ወሰደው። እዚያ ገጠር ነው፤ መርዙ አይደርስም። አክስቴ ባሏ በዚያው ዓመት ሞቶባታል፤ ልጆቿም ሥራ ፍለጋ ርቀዋል። «ሦስት ወሩን ይሙላ፣ ይከተብ፣ ከዚያ እናመጣዋለን» አለኝ አባቴ። ሰኞ የከተማው ሠራተኞች መርዝ የገባበት ሥጋ ይዘው በሠፈራችን አለፉ። ከዚያ ክረምቱ ገባ፤ መንገዱ ጭቃ ሆነ፤ እኔም ዝናቡን እየሰማሁ ቀን ቆጠርኩ። የባለሱቁ ውሻ እንደሆነ ከቀድሞው ብሶበት ይጮህ ነበር።

ይህን ስጽፍ ልጄ አጠገቤ ተኝታለች። ሰኞ አሥር ልጅ ሞልቶ ተከትባለች፤ ክንዷ ትንሽ ቀልቷል።

የዚያን ዓመት ጊፋታን፣ ዘመን መለወጫችንን ማለቴ ነው፣ ባከበርን በሳምንቱ መንገዱ ደረቀና ከአባቴ ጋር ልናመጣው ሄድን። አክስቴ ከእንሰቱ መሀል ወጥታ ሳመችን፤ ከዚያ «ካና!» ብላ ተጣራች። በወላይትኛ ውሻ ማለት ነው፤ ሌላ ስም አልነበረውም። ሮጦ መጣ። ሁለቱም ጆሮዎቹ ቆመዋል። አላወቀኝም አልልም፤ እጄን አሸተተ፣ ጭራውን ወዘወዘልኝ፣ ከዚያ ተመልሶ ከአክስቴ እግር ሥር ተጋደመ።

አክስቴ አዘጋጅታው ነበር። አጥባዋለች፤ አዲስ የቃጫ ገመድ ገምዳለታለች። በገበያ ቀን አዝላው ወደ ገሱባ ክሊኒክ ሄዳ፣ አሥር ውሻ አልሞላም ብለው ሲመልሷት በሚቀጥለው ገበያ ደግሞ ሄዳ አስከትባዋለች። ገመዱን አስይዛኝ ቢጫውን ካርድ ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠችኝ። በባለቤት ስም ፊት ለፊት የኔ ስም ተጽፏል። «አደራሽን ተረከቢ» አለችኝ በወላይትኛ፤ ዓይኗ ግን ውሻው ላይ ነበር።

ምሳ እስኪደርስ ጎደሬ እየላጠች ታወራ ነበር። ለኛ መስሎኝ ቀና ስል ለእሱ ነው። «ደመናው ዞረ፣ አየህ?» ትለዋለች። «ዛሬስ እንግዳ መጣልን» ትለዋለች። እኛ መኖራችንን የረሳች ይመስል ነበር። እንደዚያ ያለውን ወሬ አውቀዋለሁ፤ እኔም ቤታችን ውስጥ እንደዚያ አውርቼዋለሁ። ምሳው ሲቀርብ ጎደሬዬን መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩ።

«አክስቴ፣ እዚሁ ይሁንልሽ» አልኳት።

«ምን ማለትሽ ነው? ያንቺ ነው። እኔ አደራ አልበላም።»

«እንግዲያው እስከ ገና ይቆይ። መኪና ያስፈራዋል።»

«እስከ ገና ብቻ» አለች፤ ገመዱን ከእጄ ቶሎ ተቀበለችኝ።

ልንወጣ ስንል ከአባቴ ኪስ እስክሪብቶ ወሰድኩ። ካርዱን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ስሜን ሰረዝኩና ከጎኑ የእሷን ጻፍኩ። አክስቴ ማንበብ አትችልም። አንገቷን አስግጋ አየች።

«ምን ጻፍሽበት?»

«የሚቀጥለው ክትባት ቀኑን።»

ወደ አባቴ ዞረች። አባቴ ካርዱን ተቀብሎኝ ረጅም ጊዜ አነበበው፤ ከአንድ ስም በላይ የተጻፈበት ይመስል።

«አዎ፣ ቀኑን ነው» አላት።

እሷም አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው።